የተሽከርካሪ መብራትና የእግረኛ ደኅንነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ መኪና መብራትና በጨለማ ስለሚጓዙ እግረኞች፣ እግረኞችም አሽከርካሪዎችም ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

የመኪናው መብራት ቁልጭ ብሎ ከታየኝ አሽከርካሪውም አይቶኛል ማለት ነው?

አይደለም። በሌሊት እግረኞችን ለአደጋ ከሚዳርጉ የተሳሳቱ እምነቶች መካከል ይህን የሚያህል አደገኛ ያለ አይመስለንም። እግረኛው የሚመለከተው ራሱ ብርሃን የሚያመነጭ ነገር ስለሆነ፣ ቀጥ ባለና ጨለማ በሆነ መንገድ ላይ መኪናውን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊያየው ይችላል። አሽከርካሪው ግን የሚያየው ከመብራቱ ወጥቶ፣ እግረኛው ላይ አርፎ፣ ከልብሱ ተንጸባርቆ ወደ ዓይኑ የሚመለሰውን ጥቂት ብርሃን ብቻ ነው። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር እግረኛው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ጥቁር ልብስ ደግሞ ከደረሰው ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይመልስም።

በጨለማ መንገድ ዳር ቆመው መኪና እየቀረበ ሲመጣ «አሁን አሽከርካሪው አይቶኛል» የሚሉበትን ቅጽበት እንዲያመለክቱ በተጠየቁ ሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ተመሳሳይ ውጤት አሳይተዋል፤ እግረኞች የሚታዩበትን ርቀት በጣም አጋንነው ይገምታሉ። ከዚህም በላይ የሚያሳስበው፣ ጥቁር የለበሰውም አንጸባራቂ የለበሰውም ተቀራራቢ ግምት መስጠታቸው ነው። የለበሱት ልብስ በመታየታቸው ላይ የሚያመጣውን ትልቅ ልዩነት ከቁጥር አያስገቡትም ማለት ነው።

በአጭርና በረጅም መብራት እግረኛ ከምን ያህል ርቀት ይታያል?

አጭር መብራት መንገዱን በደንብ የሚያሳየው ከ40 እስከ 60 ሜትር ገደማ ድረስ ሲሆን፣ ረጅም መብራት ከ100 ሜትር አልፎ ይዘልቃል። ይሁን እንጂ መንገዱ መታየቱና በመንገዱ ላይ ያለው ሰው መታወቁ አንድ አይደሉም፤ ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ በአጭር መብራት 30 ሜትር ገደማ እስኪቀርብ ድረስ ላይለይ ይችላል።

ይህ ርቀት ምን ማለት እንደሆነ በስሌት እንየው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። አሽከርካሪው ያየውን ነገር አውቆ ፍሬን እስኪረግጥ 1.5 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በዚህ ጊዜ ብቻ 25 ሜትር ያልቃል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ መኪናው ፍሬን ይዞ እስኪቆም ደግሞ ሌላ 20 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። እግረኛው የታየው በ30 ሜትር ርቀት ከሆነ፣ ለፍሬን የቀረው 5 ሜትር ብቻ ስለሆነ መኪናው እግረኛው ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱ ገና ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን ጠቅላላው የመቆሚያ ርቀት 26 ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ ያው አሽከርካሪ፣ በያው መብራት፣ እግረኛው ጋ ሳይደርስ ይቆማል።

እንዲህ ከሆነ አሽከርካሪዎች ማታ ለምን ፍጥነታቸውን አይቀንሱም?

ብዙውን ጊዜ ከግዴለሽነት ሳይሆን ዓይናቸው ስለሚያታልላቸው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርሸል ሊቦዊትዝና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት፣ ዓይን ለአሽከርካሪው የሚሠራው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መኪናውን በመስመሩ ላይ የሚያስኬድ፣ የመንገዱን ጠርዝና አቅጣጫ የሚከታተል ሥራ ሲሆን፣ በደብዛዛ ብርሃንም ብዙም አይጎዳም። ሁለተኛው ከፊት ያለው ነገር ምን እንደሆነ የሚለየው ሥራ ሲሆን፣ ብርሃን ሲያንስ ክፉኛ ይዳከማል። አሽከርካሪው መሪውን እንደ ቀን ያለ ችግር ስለሚይዝ የዕይታው ሌላኛው ክፍል መዳከሙ አይሰማውም፤ ስለዚህም በቀን የሚነዳበትን ፍጥነት ይዞ ይቀጥላል።

ነጭ ልብስ መልበስ ይበቃል?

ከጥቁር ይሻላል፤ ነገር ግን አይበቃም። ነጭ ጨርቅ የደረሰውን ብርሃን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ወደ አሽከርካሪው የሚመለሰው ጥቂቱ ነው። በቀን ከሩቅ የሚጣሩት ብርቱካናማና ቢጫ አረንጓዴ የሥራ ልብሶችም ቢሆኑ ድምቀታቸው ከፀሐይ ብርሃን የሚመጣ በመሆኑ፣ አንጸባራቂ ጥብጣብ ካልተሰፋባቸው በስተቀር ማታ እንደ ማንኛውም ደማቅ ልብስ ናቸው። አንጸባራቂ ጨርቅ ግን አሠራሩ ሌላ ነው፤ በላዩ ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን የብርጭቆ ዶቃዎች ብርሃኑን ወደ መጣበት አቅጣጫ ስለሚመልሱት፣ የመኪናው መብራት ተመልሶ በመብራቱ አቅራቢያ ወደተቀመጠው አሽከርካሪ ይሄዳል። እግረኛው በአጭር መብራት እንኳ ከ100 ሜትር በላይ ርቆ ሊታይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንጸባራቂው የሚደረግበት ቦታም ከመጠኑ ያላነሰ ዋጋ አለው። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ዮሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ በጨለማ ውስጥ የሰው መገጣጠሚያዎች ላይ ብቻ ትናንሽ ብርሃኖች ሲደረጉ፣ ተመልካቾች ሰውየው ቆሞ ሳለ የተበታተኑ ነጥቦችን ብቻ ያያሉ፤ መራመድ እንደጀመረ ግን በቅጽበት ሰው መሆኑን ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ በመንገድ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ይህንኑ አረጋግጠዋል። ደረት ላይ የተለጠፈ አንጸባራቂ ከሩቅ ሲታይ ምልክት ወይም ምሰሶ ሊመስል ይችላል፤ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና የእጅ አንጓ ላይ የታሰረ ቀጭን ጥብጣብ ግን በእርምጃው ልክ ስለሚወዛወዝ አሽከርካሪው የሚያየው ነገር ሰው መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ከዚህም ሌላ አጭር መብራት ወደ መሬት ያዘነበለ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያገኘው እግርን ነው። አንድ ጥብጣብ ብቻ ያለው ሰው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቢያስረው እንመርጣለን።

ከፊት የሚመጣ መኪና ሲያጥበረብር እግረኛው ለምን ከዓይን ይሰወራል?

ኃይለኛ ብርሃን ወደ ዓይን ሲገባ ሁሉም በአንድ ነጥብ ላይ አያርፍም፤ ከፊሉ በዓይን ውስጥ ይበተንና በምናየው ነገር ሁሉ ላይ እንደ ስስ መጋረጃ ይዘረጋል። ያ መጋረጃ በእግረኛውና በጀርባው ባለው ጨለማ መካከል የነበረውን አነስተኛ ልዩነት ይውጠዋል። መብራቱ ካለፈ በኋላም ዓይን ወደ ቀድሞ ሁኔታው እስኪመለስ ጥቂት ሰከንዶች ይወስዳል፤ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሦስት ሰከንድ ማለት ደግሞ 50 ሜትር ያህል በጭፍን መጓዝ ነው። የፊት መስታወቱ በአቧራ ወይም በጭረት የተሸፈነ ከሆነ ብርሃኑ ገና ዓይን ጋ ሳይደርስ መስታወቱ ላይ ስለሚበተን ችግሩ ይብሳል።

ከሁሉ የከፋው ቦታ የመንገዱ መሐል ነው። ግማሹን መንገድ ተሻግሮ በመሐል መስመሩ ላይ የቆመ እግረኛ፣ ከግራም ከቀኝም መብራት ስለሚያርፍበት በብርሃን የተከበበ ይመስለዋል። ለእያንዳንዱ አሽከርካሪ ግን እግረኛው የቆመው ከፊት በሚመጣው መኪና መብራት አጠገብ፣ ማለትም ማጥበርበሩ እጅግ በሚበረታበት ቦታ ነው። ሁለት መኪኖች ሲተላለፉ ሁለቱም ሳያዩት ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ የመሐል መጠለያ ደሴት በሌለበት ጨለማ መንገድ ላይ፣ በአንድ ጊዜ መሻገር የሚቻልበት ክፍተት እስኪገኝ ዳር ላይ መጠበቅ ይገባል። አሽከርካሪውም መብራቱን ትክ ብሎ ከማየት ይልቅ ዓይኑን ወደ ራሱ መስመር ዳር አዙሮ ፍጥነቱን ሊቀንስ ይገባዋል።

ዕድሜም ልዩነት ያመጣል። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ እስከ ሬቲና (ብርሃን እስከሚቀበለው የዓይን የኋላ ክፍል) የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመቱ ይደርስ ከነበረው ሲሶ ያህሉ ሲሆን፣ የሚበተነው ብርሃን ግን ይጨምራል።

ነጭ የኤልኢዲ መብራቶች ለምን የበለጠ ዓይን ይወጋሉ? የሃሎጅን አምፖልን አውጥቶ ኤልኢዲ መግጠምስ ይቻላል?

የሃሎጅን ብርሃን ወደ ቢጫ ያደላ ሲሆን የቀለም ሙቀቱ (የብርሃን ቀለም መለኪያ ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል) ወደ 3200 ኬልቪን ገደማ ነው፤ የኤልኢዲ የፊት መብራት ግን ብዙውን ጊዜ ከ5000 እስከ 6000 ኬልቪን ስለሚደርስ በውስጡ ያለው ሰማያዊ ይበዛል። ሰማያዊ የሚበዛበት ብርሃን፣ መጠኑ እኩል ቢሆንም እንኳ፣ ለሚመለከተው ሰው የበለጠ ይረብሻል። ኤልኢዲ መብራቶች አነስ ያሉ ሆነው ከትንሽ ቦታ ብዙ ብርሃን ማውጣታቸውና የመኪኖች ቁመት እየጨመረ መሄዱም ድርሻ አላቸው፤ ቁመቱ ከፍ ያለ መኪና መብራት በትክክል የተስተካከለ ቢሆን እንኳ ዝቅ ባለ መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰውና ለሕፃናት ከዓይን ትይዩ ሊሆን ይችላል።

አምፖሉን ብቻ አውጥቶ በኤልኢዲ መተካትን አንመክርም። የመብራቱ መያዣ፣ መስታወቱና አንጸባራቂው ሳህን የተሠሩት የሃሎጅኑ ክር የሚነድበትን ትክክለኛ ነጥብ መሠረት አድርገው ነው። ብርሃኑ የሚወጣበት ቦታ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ ወደ ላይ መውጣት ያልነበረበት ብርሃን ይወጣል፤ መውደቅ የነበረበት ቦታ ደግሞ ይጨልማል። አሽከርካሪው ከመኪናው አፍንጫ ሥር ያለው መንገድ ነጭ ሆኖ ሲያይ መብራቱ የተሻለ ይመስለዋል፤ ሆኖም የቅርቡ መንገድ በጣም ሲደምቅ ዓይን ከዚያ ብርሃን ጋር ስለሚላመድ በሩቅ ያለውን እግረኛ ለማየት ይበልጥ ይቸገራል።

መብራቴ በትክክል መስተካከሉን እንዴት አውቃለሁ?

በብዙ መኪኖች አጭር መብራት ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ገደማ ወደ ታች ማዘንበል አለበት፤ ይህም ማለት መኪናው ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ደልዳላ ቦታ ላይ ሲቆም፣ በግድግዳው ላይ የሚታየው የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመብራቱ ቁመት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይታያል ማለት ነው። ትክክለኛው ቁጥር በመኪናው መብራት ላይ ወይም በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ይገኛል። ትንሽ የሚመስል መዛነፍ ትልቅ ውጤት አለው፤ መብራቱ በአንድ ዲግሪ ብቻ ወደ ላይ ቢነሣ 50 ሜትር ላይ ብርሃኑ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል።

ከኋላ ሰው ወይም ዕቃ ሲጫን የመኪናው አፍንጫ ስለሚነሣ መብራቱም አብሮ ይነሣል። በዳሽቦርዱ ላይ ከ0 እስከ 3 ወይም 4 ቁጥር ያለባት በጣት የምትዞር ትንሽ ማስተካከያ የተሠራችው ለዚህ ነው፤ ብዙዎች ለምን እንደተቀመጠች ሳያውቁ ዓመታት ይነዳሉ። የመብራቱ ፕላስቲክ ሽፋን ቢጫ ሆኖ ወይም ደብዝዞ ከሆነም አምፖሉ አዲስ ቢሆን ብርሃኑ ከግማሽ በላይ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ሽፋኑን ማስወልወል ወይም መቀየር ያስፈልጋል።

አጭር መብራት በግራና በቀኝ እኩል ያሳያል?

አያሳይም፤ ይህንንም የሚያውቁ እግረኞች ጥቂት ናቸው። በቀኝ በኩል በሚነዳበት አገር አጭር መብራት የቀኙን ዳር ራቅ አድርጎ እንዲያሳይ፣ ከፊት የሚመጣውን እንዳያጥበረብር ደግሞ በግራ በኩል ዝቅ እንዲል ሆኖ ይሠራል። በዚህም የተነሣ ከአሽከርካሪው በስተግራ ተነሥቶ የሚሻገር እግረኛ፣ ከቀኝ ከሚነሣው ይልቅ ዘግይቶ ይታያል። በግራ በኩል በሚነዳበት አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ለግራ ነጂ አገር የተሠራ መኪና መብራቱ ሳይቀየር በቀኝ ነጂ አገር ከተነዳ ድርብ ጉዳት ያስከትላል፤ የሚመጣውን አሽከርካሪ ያጥበረብራል፣ በራሱ ዳር ያለውን እግረኛም አያሳይም።

ማታ የሚመጣውን መኪና ፍጥነትና ርቀት ለመገመት ለምን እቸገራለሁ?

በቀን የመኪናውን ሙሉ አካል፣ ጎማውንና አካባቢውን እያነጻጸርን እንገምታለን። ማታ ግን የቀረን ሁለት ነጥብ ብርሃን ብቻ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ መሄዱ የመቅረቡ ዋና ምልክት ሲሆን፣ መኪናው ሩቅ ሳለ ለውጡ በዓይን ለመለየት እጅግ ያንሳል። አንድ መብራቱ የጠፋበት መኪና ደግሞ ሞተር ሳይክል ይመስላል፤ ሞተር ሳይክልም ብርሃኑ አንድ ብቻ በመሆኑ ከእውነተኛው ርቀቱ የራቀ ሊመስል ይችላል።

ሰባት ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ በመደበኛ እርምጃ ለመሻገር ስድስት ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በዚያ ጊዜ ከ130 ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ «ገና ሩቅ ነው» ብሎ የተገመተ መብራት፣ እግረኛው መንገዱን ሳይጨርስ ሊደርስ ይችላል፤ ጥርጣሬ ካለ ማሳለፍ ነው።

አሽከርካሪ መብራት ብልጭ ቢያደርግልኝ «እለፍ» ማለቱ ነው?

እርግጠኛ መሆን አይቻልም። አንዱ «እለፍ» ለማለት፣ ሌላው «ቁም፣ እየመጣሁ ነው» ለማለት፣ ሦስተኛው ከፊቱ ላለ ሌላ መኪና ምልክት ለመስጠት ብልጭ ሊያደርግ ይችላል። መታመን ያለበት መብራቱ ሳይሆን የመኪናው መቆም ነው፤ ከቆመው መኪና ጎን በሌላው መስመር የሚያልፍ ሌላ መኪና ሊኖር ስለሚችልም በቆመው መኪና አፍንጫ ልክ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ፍሬቻም ቢሆን ሐሳብን እንጂ ድርጊትን አያረጋግጥም። ከኋላ የሚበራው ነጭ መብራት ግን መኪናው የኋላ ማርሽ መግባቱን ስለሚያመለክት ከመኪናው ጀርባ ለሚያልፍ ሰው ቁርጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው።

በቀን መብራት ማብራት ለእግረኛ ይጠቅማል?

ይጠቅማል፤ በተለይ በደመናማ ቀን፣ በጥላና በፀሐይ በተቆራረጠ መንገድና ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ እግረኛው መኪናውን ቀድሞ እንዲያስተውለው ያደርጋል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1977 በቀንም መብራት አብርቶ መንዳትን አስገዳጅ አድርጋለች፤ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ የመኪና ሞዴሎች የቀን መብራት ግዴታ ሆኗል።

አንድ ወጥመድ ግን አለው። በብዙ መኪኖች የቀን መብራት የሚበራው ከፊት ብቻ ሲሆን የኋላው ጨለማ ነው። ዳሽቦርዱም ሁልጊዜ ስለሚበራ አሽከርካሪው ሲመሽ መብራት ያበራ ይመስለዋል፤ ከኋላው ለሚመጣውና ከጀርባው ለሚሻገረው ሰው ግን መኪናው አይታይም። ሲመሽ ማብሪያውን በእጅ መፈተሽ ያስፈልጋል።

የመንገድ መብራት ባለበት መሻገር ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም፤ ምክንያቱም ዓይን የሚለየው ብርሃንን ብቻ ሳይሆን በነገሩና በጀርባው መካከል ያለውን የብርሃን ልዩነት ነው። ከእግረኛው ጀርባ ያለው መንገድ በመንገድ መብራት ሲደምቅ እግረኛው እንደ ጥቁር ጥላ ይታያል። መኪናው እየቀረበ ሲመጣ ግን የፊት መብራቱ ያንን ጥላ ማብራት ይጀምራል፤ የእግረኛው ብርሃንና የጀርባው ብርሃን የሚስተካከሉበት ቅጽበት ላይ እግረኛው ከአካባቢው ጋር ተመሳስሎ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ በኋላ ደምቆ ይወጣል፤ ያኔ ግን መኪናው ቀርቦ ይሆናል።

መፍትሔው በአብዛኛው በመንገድ መሐንዲሶች እጅ ነው። የመብራት ምሰሶው ከዜብራው በላይ ወይም ከዜብራው አልፎ ከሚተከል ይልቅ፣ መኪናው በሚመጣበት በኩል ከዜብራው ቀደም ብሎ ቢተከል ብርሃኑ እግረኛው ላይ በአሽከርካሪው ፊት ለፊት ያርፋል። የአሜሪካ የፌዴራል ሀይዌይ አስተዳደር በብሎክ መሐል ላሉ መሻገሪያዎች ባወጣው መመሪያ ከመንገዱ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ በቆመው እግረኛ አካል ላይ የሚያርፍ 20 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) የሚያህል ብርሃን ይመክራል። እግረኛው ደግሞ በሁለት የመንገድ መብራቶች መካከል ካለው ጨለማ ቦታ ይልቅ፣ ብርሃን በደንብ የሚያርፍበትን ቦታ መምረጥ ይችላል።

ዝናብ ሲዘንብ ይህ ሁሉ ይባባሳል። እርጥብ አስፋልት ብርሃኑን ወደ አሽከርካሪው ከመመለስ ይልቅ ወደ ፊት ስለሚያሾልከው መንገዱ ለነጂው ይጨልማል፣ ከፊት ለሚመጣው ደግሞ ያጥበረብራል።

አዳዲሶቹ አውቶማቲክ መብራቶችና ፍሬኖች ችግሩን አይፈቱትም?

ጥሩ መብራት ሕይወት እንደሚያድን ማስረጃ አለ። የአሜሪካው የሀይዌይ ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመኪኖችን የፊት መብራት እየፈተነ ደረጃ ይሰጣል፤ ባደረገው ጥናትም «ጥሩ» የተባለ መብራት ያላቸው መኪኖች በሌሊት እግረኛን የሚገጩበት መጠን «ደካማ» የተባለ መብራት ካላቸው በ23 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ረጅሙን መብራት እንደበራ ይዞ ከፊት የሚመጣውን መኪና ብቻ ለይቶ የሚጋርደው ዘመናዊ መብራትም በአውሮፓ ለዓመታት ካገለገለ በኋላ በአሜሪካ በ2022 ተፈቅዷል።

እግረኛ ሲያይ በራሱ የሚቆም ፍሬን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይኸው ተቋም ባጠናው መሠረት እግረኛን የሚለይ አውቶማቲክ ፍሬን በጠቅላላው የእግረኛ ግጭትን በ27 በመቶ ቢቀንስም፣ መብራት በሌላቸው ጨለማ መንገዶች ላይ ግን ልዩነት አልታየበትም። የመኪናው ካሜራም እንደ ሰው ዓይን የሚያየው የተመለሰለትን ብርሃን ነውና። የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2024 ባወጣው ደንብ ይህ ፍሬን እግረኛን በቀንም በጨለማም መለየት እንዳለበት የደነገገው ይህን ክፍተት ለመዝጋት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው፣ የመመሪያ መጽሐፉ ሥርዓቱ በጨለማ ስለሚኖረው አሠራር የሚለውን ማንበብና ካሜራው ያለበትን የመስታወት ክፍል በንጽሕና መያዝ አለበት፤ ብዙ አምራቾች በዝቅተኛ ብርሃን ሥርዓቱ እግረኛን ላይለይ እንደሚችል እዚያው ጽፈውታል።